ጅማ ላይ ቀለል ያለ ሳሎን ለመሥራት፦ እንጨቱ፣ ብረቱ፣ መብራቱ

የቦሳዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ሳሎኑ 3.6 በ4.2 ሜትር ነው። ኮርኒሱ 2.6 ሜትር ላይ፣ ግድግዳው ብሎኬት፣ ወለሉ ሴራሚክ። ግዙፍ ሶፋና ባለ መስታወት ቡፌ ቢገባበት መተላለፊያ አይተርፍም፤ ደግሞም አልፈልጋቸውም። የምፈልገው አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር፣ ዝቅ ያለ ጠረጴዛ፣ የግድግዳ መደርደሪያና ዓይን የማይወጋ መብራት ብቻ ነው። ቅርጻ ቅርጽም ወርቃማ ጠርዝም አይኑርበት።

ፎቶ አሳይቼ ያሠራሁት ጠረጴዛ የካቲት ላይ ልክ ነበር፤ ሐምሌ ላይ መሐሉ ጎበጠ፤ አሁን አንዱ ማዕዘን ላይ ስንጥቅ ወጥቷል። ሰሌዳው ወርዱ 60 ሳንቲ፣ ውፍረቱ 2 ሳንቲ ሲሆን ከቱቦላሬው እግር ጋር ዙሪያውን በስምንት ቪቴ ታስሯል። ባለ 18 ሚሊ ኤምዲኤፍ (ከተፈጨ እንጨትና ኮላ የታመቀ ሰሌዳ) መደርደሪያውም ርዝመቱ 1.2 ሜትር ነው፤ መሐሉ ረግቧል። ኮርኒሱ ጠርዝ ላይ የተለጠፈው የኤልኢዲ ጥቅል ደግሞ ነጠብጣቡ አንድ በአንድ ይቆጠራል፣ ብርሃኑም ቤቱን ክሊኒክ አስመስሎታል።

ጥያቄዎቼ፦ እዚህ ከሚገኘው እንጨት የትኛው ይሻላል፣ በምን ያህል ውፍረት? ከብረት ጋርስ እንዴት ይታሰር? መደርደሪያው መያዣው ሳይታይ ብሎኬት ላይ ይጸናል? የመብራት መውጫው ኮርኒሱ መሐል ላይ አንድ ብቻ ነው፤ ግድግዳ ሳይሰበር ምን ማድረግ ይቻላል?

መላጊያ

እህቴ፣ የጠረጴዛሽ ችግር አስተሳሰሩ ነው። እንጨት በርዝመቱ አይንቀሳቀስም ማለት ይቻላል፤ በወርዱ ግን እርጥበት ሲጠጣ ይሰፋል፣ ሲደርቅ ይጠባል። ጅማ ላይ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ጣውላ በጥርና በየካቲት እርጥበቱ ወደ 10 ወይም 11 በመቶ ይወርዳል፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ወደ 15 በመቶ ይጠጋል። እርጥበቱ በ1 በመቶ ሲለወጥ ወርዱ በግምት በ0.25 በመቶ ይለወጣል ብለሽ አስቢ። 60 ሳንቲ ሰሌዳ በዓመት 6 ሚሊ ገደማ ሰፍቶ መልሶ ይጠባል ማለት ነው። ስምንቱ ቪቴዎች ይህን ስለማይፈቅዱለት ክረምት ላይ ይጎብጣል፤ ሲደርቅ ደግሞ በደካማው በኩል ይሰነጠቃል።

ቀለል ያለ ዕቃ ባለሙያን የሚፈትነውም እዚህ ላይ ነው። ቅርጽ የወጣለት ጠርዝ፣ ዞኮሎ፣ የተደረበ ክፈፍ ሁሉ የሁለት ሚሊ ጉድለት ይውጣል። ቀጥ ያለ ጠርዝ ግን ግማሽ ሚሊም አይደብቅም። ስለዚህ ጌጥ በቀረ ቁጥር የእንጨቱ ድርቀትና የመጋዙ ቀጥታ ላይ የሚወጣው ጊዜ ይጨምራል፤ ከአናጺው ጋር ስትዋዋዪም ይህንን ቀድማችሁ ተነጋገሩበት።

ስለ እንጨቱ፦ ዋንዛ ካገኘሽ እሱን የሚያክል የለም። ለመላግ ቀላል ነው፣ ከደረቀ በኋላ እንቅስቃሴው ትንሽ ነው። ነገር ግን ከተፈጥሮ ደን መቁረጥ የተከለከለ ዛፍ ስለሆነ ከገበሬ ማሳ የወጣና ወረቀት ያለው መሆኑን ጠይቂ። ሁለተኛ ምርጫዬ ግራቪሊያ ነው። በቡና ጥላነት በየማሳው የተተከለ ስለሆነ በቀላሉ ይገኛል፤ ሲላግ የሚያወጣው ነጠብጣብ መሳይ ሥርም ያምራል። ብናኙ ቆዳ ስለሚያሳክክ ሲለሰልስ እጅጌ ረጅም ልብስና ማስክ ያስፈልጋል። ባህር ዛፍን ለጠረጴዛ ሰሌዳ አልመክርም። በውስጡ ውጥረት አለ፤ ሲሰነጠቅ ይጠማዘዛል፣ ሲደርቅ ከሌሎቹ በላይ ይጠባል።

ድርቀቱን ሳትለኪ ምንም እንዳታስቆርጪ። ከጣውላው ጫፍ ሳይሆን ቢያንስ 30 ሳንቲ ገባ ብሎ 2 ሳንቲ የሚያህል ቁራጭ ይቆረጥ። ግራም በሚያነብ የወጥ ቤት ሚዛን መዝኚው። ከዚያ በ103 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም አድርቂና እንደገና መዝኚ። ልዩነቱን ለደረቁ ክብደት አካፍዪ። 312 ግራም የነበረው 268 ከሆነ 44 ለ268 ሲካፈል 16.4 በመቶ ይመጣል፤ ይህ ገና ነው። ከ11 እስከ 13 በመቶ ላይ ያለውን ውሰጂ፤ ያኔ ወደ ሁለቱም ወቅት የሚሄድበት መንገድ እኩል ይሆናል። እርጥብ ከሆነ በ2.5 ሳንቲ ሽንጣላ (ስስ የእንጨት ዘንግ) እየተለየ፣ ሽንጣላዎቹ በ50 ሳንቲ ርቀት እየተቀመጡ፣ ዝናብ በማይነካው ነፋሻ ቦታ ይደርደር። ጫፎቹ ቀለም ወይም ሰም ይቀቡ፤ አለዚያ ከጫፍ ይሰነጠቃል። 2.5 ሳንቲ ውፍረት ያለው ጣውላ በዚህ አየር ወደ አንድ ዓመት ይፈልጋል።

ሰሌዳው ከአንድ ሰፊ ጣውላ አይሠራ። ከ7 እስከ 9 ሳንቲ ወርድ ያላቸው ቁራጮች የዓመት ቀለበታቸው አንዱ ወደ ላይ አንዱ ወደ ታች እየሆነ በኮላ ይጋጠሙ። መያዣው በየ20 ወይም 25 ሳንቲው ይሁን። ረጅም ሞርሳ ከሌለ ሁለት ሞራሌ መሐል አስገብቶ በሽብልቅ ማጥበቅ ይሠራል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሊፈታ ይችላል፤ መላግ ግን ከ24 ሰዓት በኋላ ነው። ኮላው ያመጣው ውሃ ሳይወጣ ከተላገ በየመጋጠሚያው ላይ በኋላ ቦይ ይታያል።

ውፍረት፦ 28 ሚሊ። ወፍራም እንዳይመስል ከታች በኩል፣ ከጠርዙ 35 ሚሊ ገባ ብሎ ጀምሮ በሰያፍ ይላግና ዳር ላይ የሚታየው 12 ሚሊ ብቻ ይሁን። ቁጭ ብሎ ለሚያየው ሰው ሰሌዳው ስስ ነው፤ ጥንካሬው ግን የ28 ነው።

ከእግሩ ጋር ለማሰር፦ በወርዱ መሐል ያሉት ሁለት ቪቴዎች ብቻ በክብ ቀዳዳ ይጥበቁ። የዳሮቹ ቀዳዳዎች ከብረቱ ላይ ወደ ወርዱ አቅጣጫ የተዘረጉ ይሁኑ፤ ስፋታቸው 6፣ ርዝመታቸው 14 ሚሊ። ባለ 5 ሚሊ ቪቴ ከነሮንዴላው ገብቶ እስኪነካ ጠብቆ ሩብ ዙር ይላላ። ሰሌዳው በፈለገበት ይሄዳል፣ አይነሳም። ያለሽን ጠረጴዛም በዚሁ ማዳን ይቻላል፦ ፈትተሽ ቀዳዳዎቹን አስረዝሚ፤ ስንጥቁ ከክረምት በኋላ ደርቆ ሲከፈት የዚያው እንጨት ስስ ሽብልቅ ከኮላ ጋር ይግባበት።

አንድ ነገር አትርሺ፦ ቫርኒሹ ከላይ የተቀባውን ያህል ከታችም ይቀባ። ብዙ ሰው የማይታየውን ፊት ይተወዋል፤ ከዚያ አንዱ ፊት ብቻ እርጥበት እየጠጣ ሰሌዳው እንደ ትሪ ይጠቀለላል።

ብረትሠሪ

ጋሼ መላጊያ የእንጨቱን ጨርሰውታል፤ ስለ እግሩ ልጨምር።

25 በ25 ቱቦላሬ ባለ 1.5 ሚሊ ውፍረት በቂ ነው። ሜትሩ 1.1 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ባለ 6 ሜትሩ አንድ ዘንግ ከ6 ኪሎ በታች ከመዘነ ውፍረቱ የተባለው አይደለም ማለት ነው፤ ሚዛን ላይ አስቀምጪው። ስሱን የሚመርጡት ስለሚረክስ ነው፤ ሲበየድ ግን ይበሳል፣ ጉድጓዱም በስቱኮ ተደፍኖ ይሰጥሻል።

ቀለል ያለ እግር ላይ ብየዳው ራሱ ይታያል። ማዕዘኖቹ በ45 ዲግሪ ተቆርጠው ይጋጠሙ፤ በ2 ሚሊ ኤሌክትሮድ ከ45 እስከ 55 አምፔር ይበቃል። አራቱም ማዕዘን መጀመሪያ በነጥብ ብቻ ይያዝ፤ ሁለቱ ሰያፍ ርቀቶች ይለኩ፤ ልዩነቱ ከ1 ሚሊ ካለፈ በመዶሻ ይመለስ። ሙሉው ብየዳ ከዚያ በኋላ፣ ከአንዱ ማዕዘን ወደ ተቃራኒው እየተዘለለ ይሠራ። በተርታ ከተበየደ ሙቀቱ ክፈፉን ስቦ አንድ እግር ይንጠለጠላል፤ ሴራሚክ ላይ ደግሞ የ2 ሚሊ መንጠልጠል ሁልጊዜ ይንኳኳል። ለማንኛውም አራቱም እግር ሥር ኑት ተበይዶ የሚጠመዘዝ ጎማ መርገጫ ይግባበት።

አግድም ማገናኛ የሌለው አራት እግር በፎቶ ያምራል፤ ወደ ጎን ግን ይወዛወዛል። መፍትሔው ከሰሌዳው ሥር ዙሪያውን የተዘጋ ክፈፍ ማድረግ ነው። ከዳር 8 ሳንቲ ገባ ካለ ማንም አያየውም።

የቱቦላሬው ክፍት ጫፍ ይደፈን። በዚህ ከተማ አየር ዝገት ከውስጥ ይጀምራል፤ ወለል ሲወለወል ውሃው በታች ይገባልና። ከቀለም በፊት ቅባቱ በቲነር ይጸዳ፣ አንቲሩስት ሁለት ጊዜ፣ ቀጥሎ የማያብረቀርቅ ጥቁር። የሚያብረቀርቅ ቀለም የፍሌክሲብሉን ጭረት ሁሉ ያጎላል።

ፌዝናኑል

ወደ መብራቱ ልሂድ። መጀመሪያ ስንት ብርሃን እንደሚያስፈልግ አስሊ። 3.6 በ4.2 ሲባዛ 15 ካሬ ገደማ ነው። ለሳሎን 100 ሉክስ፣ ማለትም በካሬ ሜትር 100 ሉመን ብርሃን፣ ጥሩ መሠረት ነው፤ በድምሩ 1,500 ሉመን ይሆናል። ግድግዳና የመብራቱ መሸፈኛ ግማሹን ገደማ ስለሚበሉት ከአምፖሎቹ የሚወጣው በድምሩ 3,000 ሉመን ይሁን። 9 ዋት የኤልኢዲ አምፖል 800 ሉመን አካባቢ ስለሚሰጥ አራት አምፖል ይበቃል። እነዚህን አራቱን በአንድ ቦታ አታጎሪ። ሁሉም ከኮርኒሱ መሐል ሲመጣ የሰው ዓይን ሥር ጥላ ይወድቃል፣ ግድግዳውም ይጨልማል፣ ክፍሉ ከልኩ ያነሰ ይመስላል። አሁን ፋሽን የሆነው ኮርኒሱን በስምንት ስፖት ላይት መበሳሳትም ያው ነው፤ ቁልቁል የሚወርድ ብርሃን ብቻ ይሰጣል፣ ቀና ያለውን ሁሉ ይወጋል።

ክሊኒክ ያስመሰለው የቀለሙ ሙቀት ነው። የገዛሽው 6500 ኬልቪን መሆን አለበት። ለሳሎን 2700 ወይም 3000 ያለበትን ግዢ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ይሁኑ፤ ሁለቱን ማደባለቅ ግድግዳውን ባለ ሁለት ቀለም ያደርገዋል። ካርቶኑ ላይ ሲአርአይ (ቀለምን በትክክል የማሳየት መለኪያ) 90 ያለበት ካገኘሽ የእንጨቱ ቀለም በትክክል ይታያል፤ 80 ላይ ዋንዛ አመድማ ይሆናል። ሌላው 85–265 ቮልት የሚል ጽሑፍ ነው። ማታ ኃይል ሲወርድ ርካሹ አምፖል አብሮ ይደበዝዛል፤ እውነተኛ ድራይቨር (ኃይሉን የሚያረጋጋ ክፍል) ያለው ግን ባለበት ይቆያል። ሱቁ ውስጥ አስበሪውና የስልክሽን ካሜራ አቅርቢበት፤ ስክሪኑ ላይ ጥቁር መስመሮች ከተንቀሳቀሱ ተዪው፤ ያ መርገብገብ ዓይን ባያየውም ያደክማል።

ነጠብጣቡ የሚቆጠረው በሁለት ምክንያት ነው። በሜትር 60 ፍሬ ያለው ጥቅል በፍሬዎቹ መሐል 17 ሚሊ ገደማ ይተዋል። የሚሸፍነው ወተትማ ፕላስቲክ ከፍሬዎቹ ቢያንስ በዚያው ርቀት ካልሆነ ነጥቡ ይታያል። በሜትር 120 ፍሬ ካለው ርቀቱ 8 ሚሊ ስለሚሆን ጥልቀቱ ከ10 እስከ 15 ሚሊ የሆነ የአልሙኒየም ቦይ ይበቃዋል። አልሙኒየሙ ለውበት ብቻ አይደለም፤ ሙቀቱን ይስባል። ኮርኒስ ላይ በቀጥታ የተለጠፈ ጥቅል ማጣበቂያው ይላቀቃል፣ ፍሬዎቹም አለዕድሜያቸው ይደበዝዛሉ። 9.6 ዋት በሜትር የሆነ 5 ሜትር ጥቅል 48 ዋት ነው፤ በ12 ቮልት 4 አምፔር፣ በ24 ቮልት 2 አምፔር ይስባል። 24ቱን ምረጪ፤ ጫፉ አይደበዝዝም። ማከፋፈያው (የቤቱን ኃይል ወደ 24 ቮልት የሚያወርደው ሣጥን) 60 ዋት ይሁንና እጅ በሚደርስበት፣ አየር በሚያገኝበት ቦታ ይቀመጥ። ጂፕሰም ውስጥ የታሸገ ማከፋፈያ ሲበላሽ ኮርኒስ ይቀደዳል።

እውነቱን ለመናገር ግን ያንን ጥቅል አንስተሽ ብትተዪው እመርጣለሁ። ከግድግዳ በ10 ወይም 15 ሳንቲ ርቀት የሚወርድ ብርሃን የልስኑን ሞገድ ሁሉ እንደ ማረሻ ቦይ ያወጣዋል። ግድግዳን በብርሃን ማጠብ ከተፈለገ መብራቱ ቢያንስ 60 ሳንቲ ይራቅ፤ ወይም ልስኑ በረጅም ማስተካከያ ተፈትሾ ስቱኮ ይደገምለት።

አንድ መውጫ ብቻ ስላለሽ እንዲህ አድርጊ። ከመሐሉ መውጫ ሦስት ሽቦ ያለው፣ ጨርቅ የለበሰ ገመድ ወርዶ ኮርኒሱ ላይ እስከ ጠረጴዛው አናት ይሂድና በአንድ መንጠቆ ተይዞ ይንጠልጠል። መንጠቆው ቺፑዱን ሳይሆን ከላይ ያለውን ሞራሌ ይያዝ፤ በጣትሽ እያንኳኳሽ ድምፁ የሚደፍንበትን ፈልጊ። መሸፈኛው ወርዱ 30 ሳንቲ፣ ላዩ የተዘጋ፣ የታችኛው ጠርዝ ከወለል 135 ሳንቲ ላይ ይሁን። አምፖሉ ከጠርዙ 8 ሳንቲ ወደ ውስጥ ከገባ አግዳሚው ላይ የተቀመጠ ሰው ዓይኑ 115 ሳንቲ አካባቢ ስለሚሆን አምፖሉን ራሱን አያየውም፤ ጠረጴዛው ብቻ ይበራል። የዴንማርኩ የመብራት ነዳፊ ፖል ሄኒንግሰን በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በደራረባቸው መሸፈኛዎች የፈታው ይኸንኑ ነው፦ አምፖሉ ከየትም አቅጣጫ እንዳይታይ፣ ብርሃኑ ግን እንዲወጣ። የቀሩት ሦስት አምፖሎች ከሶኬት የሚሠሩ የወለልና የመደርደሪያ መብራቶች ይሁኑ፤ አንዱ ወደ ኮርኒስ ያብራ።

ለተንጠለጠለው መብራት ወደ ላይ የተከፈተ መሸፈኛ እዚህ አይመከርም። ዝናብ ሲጀምር የሚወጣው ክንፋም ምስጥ በአንድ ማታ ይሞላዋል። ሞቅ ያለው 2700 ከነጩ ያነሰ ነፍሳት ይስባል፤ ይህም ሌላ ምክንያት ነው።

የቦሳዋ

እግዜር ይስጣችሁ፣ ይህን ያህል አልጠበቅሁም። ሁለት ነገር ቀረኝ። መደርደሪያው ብሎኬት ላይ መያዣው ሳይታይ ይሆናል ወይ? ሌላው፣ ቤቱ ቡና በቀን ሁለቴ ይፈላበታል፤ ረከቦቱ፣ ምድጃው፣ የእንግዳ በርጩማው ሁሉ የት ይገባል? ፎቶዎቹ ላይ ይህ የለም።

ጅሬን

ይህ ሁለተኛው ጥያቄሽ መጀመሪያ መምጣት ነበረበት። ፎቶው ውስጥ ያለው ባዶነት የሚቆየው ዕቃው ሁሉ ቦታ ሲኖረው ነው፤ አለዚያ በሦስተኛው ቀን ጠረጴዛው ላይ ይከመራል። ስለዚህ ንድፍ ከመሳልሽ በፊት ሜትር ይዘሽ የቤቱን ዕቃ ለኪ። ረከቦቱ በስንት በስንት ነው? ጀበናው ከነክዳኑ ቁመቱ ስንት ነው? ስኒዎቹ ሲደረደሩስ?

አግዳሚውን እንዲህ አስቢው፦ መቀመጫው ከወለል 42 ሳንቲ፣ ጥልቀቱ 45፣ ሰሌዳው 3.5 ሳንቲ። ከሥሩ 38 ሳንቲ ገደማ ክፍት ቦታ ይቀራል። 35 ሳንቲ ቁመት ያላቸው በርጩማዎች በሙሉ እዚያ ውስጥ ይገባሉ፤ እንግዳ ሲመጣ ይሳባሉ። ርዝመቱ 2.1 ሜትር ከሆነ ሦስት ድጋፍ ያስፈልገዋል፤ በጫፎቹ ብቻ ከቆመ ሦስት ሰው ሲቀመጥበት ይረግባል። መሐለኛው ድጋፍ ወደ ኋላ ገባ ቢል አይታይም።

በርጩማውን ደግሞ ከሩቅ አታምጪ። የጅማው ባለ ሦስት እግር ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣ ነው፤ መጋጠሚያ ስለሌለው የሚላላ ነገር የለውም። ሦስት ነጥብ ምንጊዜም ወለል ያገኛል፤ ጎርበጥባጣ አፈር ላይም ሴራሚክ ላይም አይወዛወዝም። ፊንላንዳዊው ነዳፊ አልቫር አልቶ በ1933 (እ.ኤ.አ.) ታዋቂውን በርጩማ ሲሠራ ሦስት እግር ነው የሰጠው፤ የእሱ እግር ግን ጎብጦ በቪቴ የተያዘ የበርች እንጨት ሲሆን አንዱ በሌላው ላይ ይደረደራል። የእኛው አይደረደርም፤ በምትኩ ጭነት በስፋት ይሸከማል። ከ1878 እስከ 1932 (እ.ኤ.አ.) ጅማን የገዙት የዳግማዊ አባ ጅፋር ዕቃዎች በጅማ ሙዚየም አሉ፤ እዚያ ያሉትን የእንጨት መቀመጫዎች ከሥራቸው ጎንበስ ብለሽ እግሩ ከመቀመጫው ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ተመልከቺ። መገናኛው ወፍሮ ይጀምርና ወደ ታች እየሳሳ ይሄዳል። አሁን ለገበያ የሚወጡት ብዙዎቹ በዚያ ቦታ ላይ ቀጥ ብለው ስለሚቆረጡ ነው እግራቸው የሚገነጠለው።

ስትገዢም መቀመጫው መሐል ላይ የግንዱ እምብርት አለመኖሩን አረጋግጪ። እምብርቱ ካለ ስንጥቁ ከዚያ እንደ ጨረር ይወጣል። በእርጥቡ የተፈለፈለ ከሆነም ከብዶ ይታወቃል፤ አንድ ወር ከፀሐይ ርቆ፣ ጫፎቹ ሰም ተቀብተው ይቀመጥ።

ለቡናው የጠረጴዛው ከፍታ 38 ሳንቲ ይሁን። የከሰል ምድጃው ግን ከእንጨት ላይ አይውጣ። ወለሉ ሴራሚክ ስለሆነ እዚያው ይቀመጥ፤ የግድ ከሆነ አንድ የሴራሚክ ቁራጭ በአራት የ2 ሳንቲ እግር ከእንጨቱ ተነስቶ አየር በሥሩ እንዲያልፍ ይደረግ። ሴራሚኩ እንጨቱን ከነካ ሙቀቱ ያልፋል፣ ቫርኒሹም ይነፋል።

መደርደሪያው ላይ ከብዙዎች ጋር አልስማማም። መያዣው ጨርሶ የማይታየው ዓይነት ለብሎኬት አይሆንም። ስሌቱ ይኸው፦ 25 ሳንቲ ጥልቀት ባለው መደርደሪያ ላይ 20 ኪሎ መጽሐፍ ካለ ክብደቱ ከግድግዳው 12.5 ሳንቲ ርቆ ይጫናል። መያዣው በመደርደሪያው ውፍረት ውስጥ ተደብቆ ቁመቱ 4 ሳንቲ ብቻ ከሆነ የላይኛው ቪቴ የሚጎተተው ከ60 ኪሎ በላይ ነው። ብሎኬቱ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ፊሸሩ እየዞረ ይወጣል። መያዣው 4 ሚሊ ላሜራ፣ ከመደርደሪያው በታች 13 ሳንቲ የሚወርድ ቢሆን ግን ጉተታው ወደ 19 ኪሎ ይወርዳል። ያች 13 ሳንቲ ቀጭን ብረት ከግድግዳው ቀለም ጋር አንድ ስትቀባ ዓይን አይጥላትም። ጀርመናዊው ዲተር ራምስ በ1960 (እ.ኤ.አ.) የነደፈው መደርደሪያ ግድግዳ ላይ ያለውን የአልሙኒየም ሐዲድ አልደበቀውም፤ እስከ ዛሬም ይመረታል።

ቀዳዳው ላይ ብሎኬቱ ባዶ ከሆነ በመሮ ጥቂት ይከፈት፣ በሲሚንቶና አሸዋ 1 ለ 3 ይሞላ፣ ባለ 10 ሚሊ ጥርስ ያለው ዘንግ ይቀበርበት፣ ሰባት ቀን ሳይጫን ውሃ እየጠጣ ይቆይ። ጭቃ ቤት ላለው ሰው ደግሞ ምርጉን ሳይሆን ቋሚውን እንጨት ፈልጎ ማሰር ነው።

ስለ መርገቡ፦ እኩል በተጫነ መደርደሪያ ላይ በድጋፎቹ መሐል ያለው ርቀት እጥፍ ሲሆን መርገቡ 16 እጥፍ ይሆናል፤ ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ደግሞ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ባለ 18 ሚሊው ኤምዲኤፍሽ ለመጽሐፍ 60 ሳንቲ ነው አቅሙ። መሐሉ ላይ አንድ መያዣ ጨምሪለት፤ ገልብጠሽ መልሺው፤ ሌላ መግዛት አያስፈልግሽም።

የቦሳዋ

መያዣውን እንዳሉት አደርጋለሁ። መሳቢያና የቁም ሣጥን በርስ? እጀታ እንዳይኖረው ተገፍቶ የሚከፈተውን አስቤ ነበር። ጠረጴዛው ላይስ በሰም የተለሰለሰው ዓይነት ለቡና ይሆናል?

መላጊያ

ተገፍቶ የሚከፈተው በር እንዲሠራ በበሩና በሣጥኑ መሐል ወጥ የሆነ የ3 ሚሊ ክፍተት ይፈልጋል። ክረምት ላይ ሙሉ እንጨት የሆነ በር ሲያብጥ ክፍተቱ ይጠፋና ወይ አይከፈትም ወይ ራሱን ይከፍታል። በሩ ኤምዲኤፍ ከሆነ ይሻላል፤ ያም ቢሆን የእጅ አሻራ ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ይቀራል። የበሩን የላይ ጠርዝ ከሣጥኑ ክዳን 20 ሚሊ ዝቅ አድርጊና ጣት ይግባበት፤ ምንም የሚበላሽ መካኒክ የለውም። ሣጥኑ ከወለል 10 ሳንቲ በብረት እግር ይነሳ፣ የኤምዲኤፉ የተቆረጠ ጠርዝ ሁሉ፣ ከሥር ያለውም ጭምር፣ በኮላና ውሃ ድብልቅ ተቀብቶ ሲደርቅ ቀለም ይደረብበት። መወልወያው የሚያሳብጠው ያንን ጠርዝ ነው። አረንጓዴ የሆነው ኤምዲኤፍ እርጥበት ይበልጥ ይችላል ተብሎ ነው የሚሸጠው፤ አረንጓዴነቱ ግን መለያ ቀለም ብቻ ስለሆነ ጠርዙን ከመቀባት አያድንም።

ሰሙን በሚመለከት፦ የዚህ አካባቢ ሰም ጥሩ ነው፣ እጅ ላይም ደስ ይላል፣ ትኩስ ስኒ ግን ነጭ ቀለበት ይተውበታል። ለበርጩማውና ለአግዳሚው ተጠቀሚበት፦ አንድ እጅ ሰም ለአራት እጅ የተፈላ የተልባ ዘይት (ማድረቂያ ተጨምሮበት ለእንጨት የሚሸጠው)፣ በውሃ ላይ በተቀመጠ ዕቃ ቀልጦ፣ በስሱ ተቀብቶ፣ ከ20 ደቂቃ በኋላ የተረፈው ይጠረግ። ለማድ ቤት የሚሸጠው ጥሬ የተልባ ዘይት አይሆንም፤ በእርጥብ አየር ሳምንታት ሳይደርቅ ይቆይና ይሻግታል። የጠረግሽበትን ጨርቅ ጨምድደሽ አትጣዪ። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ስለሚያወጣ የተከመረ ጨርቅ ራሱ ሊቀጣጠል ይችላል፤ ውሃ ውስጥ ንከሪው ወይም ደጅ ላይ ዘርግተሽ አድርቂው።

የጠረጴዛው ሰሌዳ ግን የማያብረቀርቅ ፖሊዩሬታን ቫርኒሽ ይሁን። በ120፣ በ180፣ በ240 ብርጭቆ ወረቀት ተለስልሶ፣ አቧራው በእርጥብ ጨርቅ ተነስቶ፣ የመጀመሪያው ቅብ 10 በመቶ ቲነር ይጨመርበት፤ ከዚያ ሁለት ቅብ ሳይቀጥን። በየመሐሉ በ240 ቀለል ተደርጎ ይፈተግ። ቀኑን ምረጪ፦ ዝናብ ባለበት ከሰዓት አይቀባም፤ ጠዋት ጤዛው ከተነሳ ከአራት ሰዓት ጀምሮ እስከ ስምንት ሰዓት ያለው ጊዜ ይሻላል። ስኒ የሚቀመጥበት ከሦስተኛው ቅብ ሰባት ቀን በኋላ ነው።

ፌዝናኑል

አንድ የቀረኝ፦ ገመዱን ከማስቀጠልሽ በፊት ቆጣሪው ሥር ያለውን ብሬከር አጥፊና መውጫው ላይ የመሬት ሽቦ መኖሩን በመለኪያ አስፈትሺ። መሸፈኛው ብረት ከሆነ ሦስተኛው ሽቦ ከመሸፈኛው አካል ጋር መታሰር አለበት። የመሬት ሽቦ ከሌለ የሸክላ፣ የወረቀት ወይም የቀርከሃ መሸፈኛ በፕላስቲክ ሆልደር ተጠቀሚ፤ ማገናኛውም በፕላስተር የተጠቀለለ ሳይሆን በቪቴ የሚጠብቅ ተርሚናል ይሁን።